ከጄኔቫ እስከ ሸርቆሌ፦ ክልከላው ደርሶ ልዩነቱ መንገድ የቀረበት ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥናት መረጃ ስሰበስብ ሰንብቼ ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። መንገድ ላይ ካለ አንድ ኬላ ስንደርስ እንደተለመደው ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ከፊቴ የነበሩት አንዲት ባልቴት በጨርቅ የቋጠሩትን ነገር ፈታሹ ሲከፍተው ደርቆ የተሰባበረ ቅጠልና ጥቂት እፍኝ ግራጫ ፍሬ ወጣ። ሳይሰባበር የተረፈው ቅጠል እንደ እጅ ጣቶች የተከፋፈለ ነው።

«እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?» አላቸው።

ሴትዮዋ አማርኛ ስለማይችሉ አብሯቸው የነበረው የልጅ ልጃቸው «ለወጥ ነው፤ ቅጠሉ ይበላል፤ ፍሬው ለዘር ነው» ሲል መለሰላቸው።

«ይህማ ሀሺሽ ነው» አለ ፈታሹ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። በመጨረሻ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ አንድ በዕድሜ የገፉ ባልደረባው መጥተው ቅጠሉን በጣታቸው ፈትገው አሸተቱና ሳቁ። ነገሩ የከርከዴ ዘመድ የሆነ፣ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ኬናፍ የሚባለው ተክል ነበር። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ለዚህ ተክል ያወጡለት የዝርያ ስም ራሱ «ካናቢስ መሰል» የሚል ትርጉም ስላለው በወጣቱ ፈታሽ ላይ ብዙም አልፈርድበትም። ቅጠሉ ሊቃውንቱንም ካናቢስን አስታውሷቸዋል። ኬናፍ ግን አያሰክርም። በብዙ የአፍሪካ አካባቢዎች ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል፤ ከግንዱ ገመድና ጆንያ ይሠራል። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን ጥቁር ዓባይ ዳር ባለችው አቡ ናማም ለጆንያ ተብሎ ኬናፍ በሰፊው ይመረት ነበር።

ባልቴቷ በነፃ ተለቀቁ። እኔን ግን አንድ ጥያቄ እስከ አሶሳ ተከተለኝ፤ እስከ ዛሬም አልተወኝም። ለመሆኑ በጨርቁ ውስጥ የነበረው ፍሬ እውነተኛው የካናቢስ ፍሬ ቢሆን ኖሮስ? ፍሬው ወንጀል ነውን? ወንጀል ከሆነስ ማን ወሰነው? መቼ? በየትኛው ክርክር?

ዕፁ እንግዳችን አይደለም

ካናቢስ ሲባል የከተማ አንባቢ ሐሳብ በአብዛኛው ወደ ሻሸመኔ ይሮጣል። ዕፁ ከጃማይካ ከመጡ እንግዶች ጋር የገባ የቅርብ ጊዜ መጤ የሚመስለውም ጥቂት አይደለም። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ከላስታው ላሊበላ ጋር እንዳይምታታ) በተደረገ ቁፋሮ የተገኙ ሁለት የሸክላ ጋያ ራሶች ነበሩ። በውስጣቸው የቀረው ጥላሸት በኬሚስትሪ ሲመረመር የካናቢስ ቅሪት ተገኘበት፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1975 ታተመ። ለዕቃዎቹ የተሰጠው ዕድሜ እ.ኤ.አ. 1320 ግድም ሲሆን የሰማንያ ዓመት ወደፊትና ወደኋላ ግምት አለው። በሌላ አነጋገር ነገሩ የዐምደ ጽዮን ዘመን አካባቢ ነው፤ ትንባሆ ከአሜሪካ አህጉር ወጥቶ አፍሪካን ከማየቱ በፊት።

ይህን የጠቀስኩት «ጥንታዊ ባህላችን ስለሆነ ይፈቀድ» ለማለት አይደለም። ጥንታዊ መሆን ብቻውን ለምንም ነገር የምስክር ወረቀት አይሆንም፤ ባርነትም ጥንታዊ ነበር። የጠቀስኩት ተክሉ በዚህ ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታወቅ የኖረ ሆኖ ሳለ ስለ እርሱ የወጣው ሕግ ግን ከዚህ ምድር ታሪክ ያልተቀዳ መሆኑን ለማሳየት ነው።

መንግሥትና ቅጠላ ቅጠል

የኢትዮጵያ መንግሥት የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና የሚጤሰውን ለመወሰን የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በጥብቅ ከልክለው ነበር። በዘመናቸው ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር ተጽፏል። ቡናም ቢሆን በመካከለኛውና በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ የሌላ ሃይማኖት ምልክት ተደርጎ ይነወር ነበር። ዛሬ ቡና ያለ ጀበና የማይታሰብ ኢትዮጵያዊነት ሆኗል።

የትንባሆው ፍጻሜ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አስገራሚ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ከሞቱ ከ53 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ያው የኢትዮጵያ መንግሥት ትንባሆን በብቸኝነት የሚነግድበትን ሞኖፖል አቋቋመ። ይህ ድርጅት በስም እየተለዋወጠ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአክሲዮኑ 40 በመቶው ለአንድ የጃፓን ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከንፈር ያስቆርጥ የነበረ ቅጠል የመንግሥት ካዝና ምሰሶ ለመሆን በቃ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የትንባሆ ጉዳት አልቀነሰም፤ እንዲያውም በሳይንስ የተረጋገጠው በዚሁ ጊዜ ነው። የተለወጠው ከተክሉ የሚጠቀመው ወገን ማንነት ነው።

ጫትንም ተመልከቱ። ለእኛ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለእንግሊዝ ደግሞ ከሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው። ያው እስር ጫት ቦሌ ላይ የኤክስፖርት ሸቀጥ፣ ሄዝሮው ላይ ወንጀል ይሆናል። የለንደን ውሳኔ በተሰማ ጊዜ «ሳያማክሩን ወሰኑብን» ብለን አዝነን ነበር። ይህን ቅሬታ ልብ በሉ፤ ወደ ሸርቆሌ ስንመለስ ያስፈልገናል።

አንድ የዋህ ምሳሌ ልጨምር፤ ተልባ። ተልባ በአውሮፓ ታሪክ በቃጫው የታወቀ ተክል ነው፤ በፍታ የሚፈተለው ከእርሱ ነው። እኛ ቃጫውን ትተን ፍሬውን ቆልተንና ወቅጠን ለጾም መብል አደረግነው። ማንም መንግሥት «ተልባ ምግብ ነውን ወይስ ገመድ?» ብሎ አዋጅ አላወጣም። ካናቢስም ከቃጫው፣ ከፍሬውና ከአበባው የተለያየ ጥቅም የሚገኝበት ተክል ነው። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር በብዛት ያለው በሴቴዋ አበባ ላይ በሚገኘው ሙጫ ውስጥ ነው። ፍሬው ራሱ አያመነጨውም፤ ቢገኝበትም ከአበባው ተነካክቶ የተለጠፈ ጥቂት ቅሪት ነው። በአንጻሩ ፍሬው ከክብደቱ ከ30 በመቶ በላይ ዘይት፣ 25 በመቶ ያህል ደግሞ ፕሮቲን ነው። ከኑግና ከሰሊጥ ጎን የሚሰለፍ የቅባት እህል ነው ማለት ይቻላል።

በጄኔቫና በዋሽንግተን የተቀመጡት

ካናቢስ በዓለም አቀፍ ሕግ ቁጥጥር ሥር የገባው እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቫ በተፈረመው የኦፒየም ስምምነት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የነጮቹ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ዕፁ በቁጥጥር ሥር እንዲገባ ለመንግሥታቱ ማኅበር ጥያቄ አቅርቦ ነበር። በጉባኤው ላይ ደግሞ የግብፁ መልእክተኛ ኤል ጊንዲ ሀሺሽ እንደ ኦፒየም እንዲቆጠር አጥብቀው ተከራከሩ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዚያ የመጀመሪያው ስምምነት እንኳ የተከለከለው «ሙጫው ያልወጣለት የሴቴዋ ተክል አበባና ፍሬ አዘል ጫፍ» ተብሎ በጥንቃቄ መተርጎሙ ነው። ተክሉ በሙሉ አልተወገዘም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1937 መጣ። አዲስ አበባ የየካቲት 12ን ሰማዕታት በቀበረችበት በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት በማሪዋና ላይ ከባድ ቀረጥ ለመጣል ሕግ እያረቀቀ ነበር። የቀለምና የዘይት አምራቾች፣ እንዲሁም የወፍ ቀለብ ነጋዴዎች ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው «ፍሬውን አትንኩብን» አሉ። ተሰሙም። እንዳይበቅል ተደርጎ የመከነ ፍሬ፣ ዘይቱና ፋጉሎው ከሕጉ ትርጉም ውጭ ሆኑ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሳነብ ሳቄም ኀዘኔም አንድ ላይ መጣብኝ፤ የአሜሪካ ወፎች እንኳ ጠበቃ ነበራቸው!

እ.ኤ.አ. በ1961 በኒውዮርክ የተፈረመው የአደንዛዥ ዕፆች ነጠላ ስምምነት ይህንኑ ልዩነት ለዓለም ሁሉ አደረሰው። በአንቀጽ 1 ካናቢስ ማለት የተክሉ አበባና ፍሬ አዘል ጫፍ መሆኑን ይገልጽና ከጫፉ የተለየ ፍሬና ቅጠል ግን በዚህ ትርጉም እንደማይጠቃለል ይናገራል። በአንቀጽ 28 ደግሞ ስምምነቱ ለቃጫና ለፍሬ ተብሎ ለኢንዱስትሪ ዓላማ ብቻ በሚለማ ተክል ላይ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ከተቀበሉ አገሮች አንዷ ናት።

ልዩነቱ ግን በተጻፈበት አገርም ቢሆን ጠባቂ ካላገኘ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከካናቢስ ፍሬ የተሠራ ምግብ ሁሉ የአስካሪው ንጥረ ነገር ቅንጣት ከተገኘበት የተከለከለ ነው ሲል ደንብ አወጣ። ዳቦ ጋጋሪዎቹና ዘይት ጨማቂዎቹ መሥሪያ ቤቱን ከሰሱት። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2004 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። የፍርዱ መንፈስ ቀላል ነበር፤ ምክር ቤቱ በ1937 ከክልከላው ያወጣውን ነገር አንድ መሥሪያ ቤት በደንብ መልሶ ሊያስገባው አይችልም። በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ አስካሪ ንጥረ ነገሩ ከ0.3 በመቶ የማይበልጥ ተክል ከአደንዛዥ ዕፅነት በሕግ ወጣ። በዚያው ወር የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተፈለፈለው ፍሬ፣ የፍሬው ዘይትና የፕሮቲን ዱቄቱ ለምግብነት ቢውሉ ጥያቄ እንደሌለው አስታወቀ።

የእኛ ሕግ ጉዞ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1956 ዓ.ም የወጣው የፋርማሲ ደንብ (የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 288) ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ካገለገለ በኋላ በ1991 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 176 ተተካ፤ የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣንም ተቋቋመ። በ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕጉ ወጣ፤ በአንቀጽ 525 መርዛማና አደንዛዥ ዕፆችን ማምረት፣ ማዘዋወርና መጠቀም በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆነ። በ2002 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 661 ምግብን፣ መድኃኒትንና የጤና ክብካቤን በአንድ ባለሥልጣን ሥር ሰበሰበ። በ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1112 ተተካ፤ ተቆጣጣሪውም ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይባላል።

ዘመኖቹን አስተያዩልኝ። የአሜሪካው ፍርድ ቤት ፍሬን ከአበባ በለየበት በዚያው በ2004 እ.ኤ.አ. እኛ የወንጀል ሕጋችንን አወጣን። በዋሽንግተን ፍሬው ምግብ ነው በተባለ ማግስት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ እኛ ስለ ምግብና መድኃኒት አዋጅ አወጣን። በሁለቱም ጊዜ የፍሬና የአበባ ጉዳይ ለአገራችን ሕዝብ የመወያያ ርእስ ሆኖ አልቀረበም።

«ታዲያ ልዩነቱ በእኛ ሕግ የለም ማለት ነው?» ለሚል ጠያቂ መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም። የቁጥጥር ሕጎቻችን አደንዛዥ መድኃኒት ምን እንደሆነ ሲተረጉሙ ኢትዮጵያ ወደ ተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ይመሩናል። ስለዚህ ትርጉሙን የተዋስነው ከ1961ዱ ስምምነት ከሆነ፣ ከትርጉሙ ጋር ያለውን ልዩነትም አብረን ተውሰናል ብሎ መከራከር ይቻላል። ሕግ አዋቂ ይህን መንገድ ተከትሎ ከነጋሪት ጋዜጣ ወደ ስምምነቱ፣ ከስምምነቱ ወደ አንቀጽ 1 ሄዶ ፍሬውን ነፃ ያወጣዋል። ግን ማን ይሄዳል? የኬላው ፈታሽ? ባልቴቷ? ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ እርሳቸው የሚናገሩት በርታኛ ነው። ክልከላው ኬላ ድረስ ደርሷል፤ ልዩነቱ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ድንበር ላይ የሚበላና የማይበላ

ለምን ሸርቆሌ? ነገሩ በአዲስ አበባ ቢሆን ቢያንስ ጠበቃ፣ ላቦራቶሪና ጋዜጣ አለ። ሸርቆሌ ግን የድንበር አገር ናት፤ ድንበርም አዋጅ በሥጋና በደም የሚታይበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል የበርታን ሕዝብ ለሁለት ከፈለው። ኩርሙክ የሚባል ከተማ በዚህም በዚያም አለ። ዘመድ ከዘመድ፣ ገበያ ከገበያ ግን አልተለያየም። እ.ኤ.አ. በ1983 የኑሜሪ መንግሥት የሸሪዓን ሕግ ሲያውጅና በካርቱም መጠጥ ወደ ዓባይ ሲደፋ፣ ከወሰኑ ወዲያ ወንጀል የሆነው የማሽላ ጠላ ከወሰኑ ወዲህ የድግስ መጠጥ ሆኖ ቀጠለ። ማሽላው ያው ማሽላ ነው።

በዚህ ላይ ስደቱን ጨምሩበት። የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተከፍቶ የሱዳን ስደተኞችን ተቀብሏል። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል አዲስ ስደተኛ ገብቷል። ስደተኛ ቤቱን ትቶ ሲመጣ ቅመሙን፣ መድኃኒቱንና ዘሩን በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣል። እንዲህ ባለ አካባቢ የሕግ ብዥታ የአካዳሚ ጨዋታ አይሆንም። ሕጉ የከለከለውን ነገር ለይቶ ካልነገረ፣ የሚለየው ኬላ ላይ የቆመው ሰው ነው፤ በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በዕለቱ ስሜቱ። ዛሬ የሚስቅ አዛውንት ይገኝ ይሆናል፤ ነገ ግን ላይገኝ ይችላል።

ተቃውሞውን በሐቅ እንየው

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሐሳብ ሳነሣላቸው «አንተ ደግሞ ወጣቱ በሱስ በሚያልቅበት ዘመን ለሀሺሽ ጠበቃ ትቆማለህ?» ይሉኛል። ስጋታቸው ተራ ስጋት አይደለም። አስተማሪ ነኝ፤ በዕፅ ምክንያት ትምህርቱን ጥሎ የሄደ፣ አእምሮው የታወከ ተማሪ አይቻለሁ። ሌላም ጠንካራ ክርክር አላቸው። ያልመከነ ፍሬ ይበቅላል፤ ለምግብ ብለህ የፈቀድከው ጆንያ ለእርሻ ዘር ሊሆን ይችላል። አሜሪካኖቹ በ1937 ፍሬው ይምከን ያሉት በዚህ ምክንያት ነበር። በየወረዳው የአስካሪውን ንጥረ ነገር መጠን የሚለካ መሣሪያ የለንም የሚለውም እውነት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ክርክር ልዩነቱን ለመጻፍ ምክንያት ይሆናል እንጂ ላለመጻፍ ምክንያት አይሆንም። የመከነ ፍሬ፣ የተጨመቀ ዘይትና የተፈጨ ዱቄት አይበቅልም፤ ያልመከነው በፈቃድ ይሁን ማለት ይቻላል። ደሃ አገር ነን የምንል ከሆነ ደግሞ ማላዊን እንመልከት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኢንዱስትሪና ለመድኃኒት የሚውለውን ተክል በሕግ ለይታ ፈቅዳለች። ሞሮኮ በ2021 ተከትላለች። እነርሱ የመረጡትን እንምረጥ አላልኩም። መርምረን፣ ተከራክረን «ፍሬውም ጭምር ይከልከል» ብለን ብንወስን እንኳ ያ የእኛ ውሳኔ ይሆናል፤ ባልቴቷም ምን እንደተከለከለባቸው ያውቃሉ። የኔ ጥያቄ ከዚያ የሚያንስ ነው። ባለሥልጣኑ በአንድ መመሪያ ውስጥ፣ በአንድ ገጽ፣ የተከለከለው የተክሉ ክፍል የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። የሚመሳሰሉት ተክሎች ሥዕል ይታከልበት። ያ ገጽ በአማርኛ ብቻ ሳይወሰን በበርታኛና በጉሙዝኛም ተተርጉሞ በየኬላው ይለጠፍ። ውጭ አገር ያለ ወገናችን ለእናቱ በሻንጣው የያዘው የታሸገ የፍሬ ዱቄት ቦሌ ላይ ምን እንደሚጠብቀውም አስቀድሞ ይወቅ።

ለንደን ጫታችንን ሳታማክረን ስትከለክል ያዘንበትን ኀዘን ቀደም ብዬ አስታውሻችኋለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ ለሸርቆሌ ለንደን እንዳትሆን እፈራለሁ። ዐፄ ዮሐንስ ትንባሆን ሲከለክሉ ቢያንስ ሕዝቡ ምን እንደተከለከለ ያውቅ ነበር።

በዚያ ቀን ኬላው ላይ ሌሎቻችን ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ ባልቴቷ አልተከተሉንም። ቋጠሮው ሲፈታ ፍሬው አቧራው ላይ ተበትኖ ነበርና ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ይለቅሙ ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። የልጅ ልጃቸው «ለዘንድሮ የሚዘሩት እሱን ብቻ ነው» አለን። ወርደን አብረናቸው ለቀምን።

ቸር ይግጠመን።